«ጃጁ» ብለን ከመተዋችን በፊት

በደባርቅና በዳባት አካባቢ አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ስም ሲስቱ፥ ወይም አንዲት ባልቴት የገዛ ቤታቸውን በር አልፈው ሲሄዱ፥ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ጃጁ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚመረምረው የለም። ጥርስ እንደሚወልቅና ጠጉር እንደሚሸብት ሁሉ የአእምሮም መድከም የተፈጥሮ ግዴታ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ቤቴና በገዛ ጥፋቴ ነው። ጥፋቴን ለአንባቢዎች መግለጤም ነገ በእነርሱም ቤት ሊደርስ የሚችል ስለ ሆነ ነው።

እኔ በዚሁ በደባርቅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ዕድሜያቸው በወረቀት አልተጻፈም፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ መወለዳቸውን ስለሚናገሩ ግን ከ80 የማያንሱ መሆናቸውን እንገምታለን። ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን የወሩን በዓላት ሁሉ፥ የማኅበሩን ተራ፥ ማን ስንት ቁና ገብስ እንደ ተበደረና ማን እንደ መለሰ በቃላቸው ይዘው የኖሩ ሴት ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት ወጥ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው መጨመር ጀመሩ። ቀጥሎም አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ ይጠይቁ ጀመር። በመጨረሻም አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ስተው በጎንደር መውጫ በኩል ሲሄዱ ጎረቤት አግኝቶ ወደ ቤት መለሳቸው። ያን ጊዜ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ ብለን ቆረጥን።

የአስተማሪ ልማድ ክፉ ነው! ሐኪም እንዲህ ያለውን ሰው ምን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አንብቤ ስለ ነበር፥ አያቴን እንደ ተማሪ አስጠናኋቸው። «እምዬ፥ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዓመተ ምሕረቱስ? ቀበሌያችን ማን ይባላል?» እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ ደጋገምሁላቸው። በመኪና ስንሄድም መንገዱን በሙሉ አላረፍሁም። እውነቱን ለመናገር፥ እንዲያፍሩ አልፈለግሁም፤ እኔም ማፈር አልፈለግሁም። ሐኪሙ በጠየቃቸው ጊዜ እንደ ጎበዝ ተማሪ መለሱ። የጎደለውን ደግሞ እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ሞላሁላቸው። ሐኪሙም ለዕድሜያቸው ደኅና መሆናቸውን ነግሮ አሰናበተን። እኔም ተማሪው እንዳለፈለት አስተማሪ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሁለት ወር አልሞላም። አያቴ ያስቀመጡት 4,000 ብር ጠፋ። በቤታችን እየረዳች በማታ የምትማር አንዲት የገጠር ልጅ ነበረች። አያቴ «ይቺ ናት የወሰደችው፤ በዓይኔ አይቻታለሁ» ብለው አለቀሱ። ሐኪም ደኅና ናቸው ያላቸውን ሰው ማን አይምን? ልጅቱ ምላ ተገዝታ ብትክድም የሚሰማት አላገኘችም። ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ አገሯ ሄደች፤ ትምህርቷም ቀረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለብቅል የሚሆን ገብስ ከጎታው ሲወጣ ገንዘቡ በመሐረብ እንደ ተቋጠረ ከእህሉ መካከል ተገኘ። አንድም ብር አልጎደለም።

በሽታው ምንድን ነው?

የመርሳት በሽታ፥ ሐኪሞች ዲሜንሽያ የሚሉት፥ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። አእምሮን የሚያደክሙ የልዩ ልዩ በሽታዎች ምልክት የሚጠራበት ስም ነው። ከሁሉም የሚበዛው አልዛይመር የተባለው ሲሆን፥ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነው የእርሱ ድርሻ ነው። ሌላው ዓይነተኛ ምክንያት ደግሞ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የአንጎልን የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው ነው።

አልዛይመር የሐኪም ስም ነው። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ተቀበለ። የሚጠይቃትን ጥያቄና የምትመልሰውን መልስ እንዳለ ይጽፍ ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማጉያ መነጽር መርምሮ ያየውን ለውጥ በዚያው ዓመት በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አስረዳ። ያ የጥያቄና የመልስ መዝገብ ጠፍቶ ኖሮ በ1995 እዚያው ፍራንክፈርት ተገኝቷል። እንግዲህ የዚህ በሽታ ዕውቀት የተጀመረው የሕመምተኛዋን ንግግርና ሁኔታ ሳያስተካክሉ እንዳለ በመጻፍ ነው ማለት ነው። እኔ ያጠፋሁት ይህንኑ ነበር፤ አስተካክዬ አቀረብሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ገምቷል። ከእነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ሀብት ባላቸው አገሮች ሳይሆን እንደ እኛ ባሉት ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

የማይድን ከሆነ ለምን ይመረመራል?

ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሦስት ነው።

አንደኛ፥ የመርሳት በሽታ የሚመስል ሁሉ የመርሳት በሽታ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፥ ቫይታሚን ቢ12 ሲጎድል፥ ብርቱ ኀዘን ሲጫን፥ ወድቆ ጭንቅላት የተመታ ሰው ደም በራስ ቅሉ ውስጥ ሲቋጥር፥ ጆሮ ሲደነቁር፥ ሰው የሚዘነጋ ይመስላል። እነዚህ ሕክምና አላቸው። እንቅርት ባልጠፋበት ደጋ፥ የዓይን ማዝ ብዙዎችን ባሳወረበት ክፍለ ሀገር፥ ሳይመረመሩ «ጃጁ» ማለት ትልቅ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፥ በሽታው የማይድን ቢሆንም ጉዳቱ ይቀነሳል። የደም ግፊት ሲታከም አንጎል ላይ የሚደርሰው አደጋ ይቀንሳል፤ እንቅልፍና ጭንቀት ይስተካከላል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ሊቃውንት በ2024 ባወጡት ዘገባ 14 ምክንያቶች ቢወገዱ ከመቶው 45 የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብለዋል። ከምክንያቶቹም መካከል የትምህርት ማነስ፥ የመስማት ችግር፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ ሲጋራ፥ መጠጥ ማብዛት፥ ያልታከመ የዓይን ድካምና ከሰው ተለይቶ መኖር ይገኙባቸዋል።

ሦስተኛ፥ ቤተ ሰቡ የሚያደርገውን ያውቃል። ኑዛዜ ወይም የመሬትና የቤት ጉዳይ ካለ፥ ሽማግሌው ፈቃዳቸውን ለይተው መናገር በሚችሉበት ጊዜ በሕግ ፊት ይፈጸማል። ስርቆት ቢያወሩ፥ ቁጣ ቢያበዙ፥ ከጠባይ ሳይሆን ከበሽታ መሆኑ ይታወቃል። ይህ ሦስተኛው ምክንያት ቀደም ብሎ ገብቶን ቢሆን ኖሮ አንዲት ተማሪ ከትምህርቷ ባልተፈናቀለች ነበር።

አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

በሁለተኛው ጊዜ የተዘጋጀሁት እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ያስጠናሁት ነገር የለም፤ ጻፍሁ እንጂ። አንድ ደብተር ገዝቼ የሚከተለውን መዘገብሁ፤ አንባቢም እንዲሁ ቢያደርግ ይጠቀማል።

መጀመሪያ፥ ነገሩ መቼና እንዴት እንደ ጀመረ። ቀስ በቀስ በወራትና በዓመታት የመጣ ነው ወይስ በድንገት? በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የዘባረቀ፥ ቀን ደኅና ውሎ ማታ የሚቃዥ ሽማግሌ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም። የሳንባ ምች፥ ተስቦ፥ የሽንት መሥመር ሕመም ወይም የውሃ ጥማት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፥ ዱሮ ያደርጉት የነበረና አሁን የማይችሉት ሥራ። በአውስትራሊያ በ1989 የወጣ አንድ መጠይቅ ሕመምተኛውን ትቶ ቤተ ሰቡን ይጠይቃል፤ «ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩበት ጋር ሲያወዳድሩአቸው እንዴት ናቸው?» ይላል። እኔም «ጠላ መጥመቅ፥ ቅደም ተከተሉን ይስታሉ፤ የገበያ ሒሳብ፥ መልስ መቁጠር አቁመዋል፤ ጸሎት፥ አልረሱም» ብዬ ጻፍሁ። የቀረውን ብቻ ሳይሆን ያለውንም መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛ፥ አደጋ። እሳት ሳያጠፉ ተኝተዋል ወይ? መንገድ ስተዋል ወይ? ወድቀዋል ወይ? ሌሊት ይነሣሉ ወይ? ይህ ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍ።

አራተኛ፥ መድኃኒት። በቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርጎ መውሰድ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት የተገዛውን፥ ጎረቤት የሰጠውን፥ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር። ለእንቅልፍ የሚሰጡት እንደ ዲያዜፓም ያሉ፥ ለኀዘንና ለሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፥ ለማሳከክ የሚዋጡት አንዳንዶቹ የሽማግሌን አእምሮ ያደነዝዛሉ። የሚጠጡት አረቄ ካለም አይደበቅ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

አምስተኛ፥ አብሮ የሚሄደው ሰው። ብዙ ጊዜ የሚላከው የተማረው ልጅ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ዘመድ ነው። መሄድ የሚገባው ግን ቀንና ሌሊት አብሮ የሚኖረው ነው። በእኛ ቤት ወጡን የቀመሰችውና ሌሊት በር የምትዘጋው አክስቴ ነበረች፤ በመጀመሪያው ጊዜ ግን ደብዳቤ ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ ተብሎ እርሷ ቀረች።

የቤተ ሰብ ቃል ዋጋ እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርስቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ያቋቋመው የምርምር ጣቢያ የወረዳውን ልደትና ሞት ሲመዘግብ፥ ሰው በቤቱ ሲሞት ቤተ ሰቡን እየጠየቀ የሞቱን ምክንያት ያጣራል። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚጠየቀው ቤተ ሰብ፥ ለሚኖረው ሰው ቢጠየቅ ምንኛ ይበልጥ ይጠቅማል!

ሐኪሙ ምን ይጠይቃል?

በአሜሪካና በአውሮፓ ለዚህ ብቻ የተቋቋሙ የማስታወስ ክሊኒኮች አሉ። በአገራችን ሥራውን የሚሠሩት የውስጥ ደዌ፥ የነርቭና የአእምሮ ሐኪሞች ናቸው። ከደባርቅ የሚነሣ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፥ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርስቲ ሆስፒታል ይላካል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና አማኑኤል አሉ። የጤና መድኅን አባል የሆነ የመላኪያ ወረቀቱን (ሪፈራሉን) ከታች ጀምሮ ማስጻፍና መታወቂያውን መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ወጪው በራሱ ላይ ይወድቃል። የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ዛሬ የማይታለፍ ነገር ሆኗል።

የአእምሮ መመዘኛዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው በ1975 የወጣው፥ ከ30 ነጥብ የሚታሰበው ነው። ይህ መመዘኛ ቀኑን፥ ወሩንና ቦታውን ይጠይቃል፤ ሦስት ቃላት አስይዞ ቆይቶ ይጠይቃል፤ ደግሞም አንድ ዐረፍተ ነገር አንብብ፥ አንድም ጻፍ ይላል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በዚህ ነጥብ ቢያጣ የጎደለው አእምሮው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው መማር አለመማሩን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ይህ ችግር በመታወቁ ሌሎች መመዘኛዎች ተዘጋጅተዋል። በሲድኒ ከተማ ተዘጋጅቶ በ2004 የታተመው፥ ለልዩ ልዩ ሕዝቦች እንዲስማማ የተሠራው፥ «ገበያ ልንሄድ ነው፤ ሻይ፥ ዘይት፥ እንቁላልና ሳሙና እንገዛለን፤ ኋላ አስታውሱኝ» ይላል። ማንም ባልቴት የሚገባው ነገር ነው! በታንዛንያ ገጠር የተሞከረው ሌላው ደግሞ በእርሳስ ፈንታ የክብሪት እንጨት ሰጥቶ አንድ ቅርፅ አስመስለው እንዲሠሩ ያዛል።

ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር። አያቴ ቀኑን ሲጠየቁ «ዛሬ ሚካኤል ነው» ቢሉ ወሩ በገባ በ12 ማለታቸው ነው፤ ዓመቱንም ሲጠየቁ «ዘመነ ማርቆስ» ቢሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ቁጥሩን በግድ ያስጠናኋቸው ይህን የራሳቸውን ዕውቀት ንቄ ነበር። የሰዓት ሥዕል ሣሉ ሲባልም ሰዓት አስረው የማያውቁ ሰው ቢያዳግታቸው አይደንቅም። አብሮ የሄደ ሰው ይህን ለሐኪሙ ያስረዳ እንጂ መልሱን አይመልስ።

ከዚህ ሌላ ደም ይመረመራል፤ እንደ ሁኔታው የጭንቅላት ሥዕል በሲቲ ስካን ይነሣል። ይህ የማያምና ቶሎ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ለሽማግሌው አስቀድሞ መንገር ፍርሃታቸውን ያቀልላል።

የቀጠሮው ቀን

ሽማግሌ ሰው ደክሞት የሚመልሰውና አርፎ የሚመልሰው አንድ አይደለም። ስለዚህ የምንችል ከሆንን በዋዜማው ጎንደር ገብቶ ማደር፥ ጠዋት ቁርስ ማብላት፥ ጋቢ መደረብ፥ መነጽር ካለ መያዝ ይገባል። «ልናስመረምርህ ነው፥ ጃጅተሃል» ማለት ነውር ነው፤ «ራስ ምታትዎንና መርሳትዎን ሐኪም ይይልን» ማለት ግን እውነትም ክብርም ነው። ተታለው የሄዱ ሽማግሌ ሁለተኛ አይሄዱም። በክፍሉ ውስጥ አስታማሚው ትንሽ ከኋላ ተቀምጦ ዝም ይበል። ነውር የሆነውን፥ የሽንቱንም የስርቆቱንም ነገር፥ በፊታቸው ሳይሆን ለሐኪሙ ለብቻው ይንገር። ጠበል የሚወስዱም ከሆነ አይከለከሉም፤ መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ ለካህኑም ለሐኪሙም መንገር ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ቀጠሮ አክስቴ ደብተሩን ይዛ ገባች። እኔ በረንዳ ላይ ቀረሁ። ሐኪሟ ደብተሩን አንብባ ከጨረሰች በኋላ ከአያቴ ጋር ረዥም ጊዜ ተነጋገረች። አራቱን የገበያ ዕቃዎች ኋላ ሲጠየቁ አያቴ ያስታወሱት ሳሙናን ብቻ ነበር። የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ ነበር። ለእንቅልፍ ብለን ስንሰጣቸው የኖርነውም ኪኒን ጎጂ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ሐኪሟ ጠርታን የመርሳት በሽታ መሆኑን፥ ምናልባትም የደም ሥር ጉዳት እንዳለበት፥ የሚያድን መድኃኒት እንደሌለው፥ ነገር ግን የሚሠራ ብዙ ነገር እንዳለ በግልጥ ነገረችን። ስለ ገንዘቡ ስትሰማም አልተደነቀችም። «ያስቀመጡበትን ቦታ ይረሳሉ፤ መርሳታቸውን ግን አያውቁትም፤ ስለዚህ ሌባ ይፈልጋሉ» አለችን።

ዛሬ ጆሯቸው ተጠርጎ ከሰው ጋር ይጨዋወታሉ፤ ኪኒኑ ከቆመ ወዲህ ቀን አያንቀላፉም፤ የግፊቱን መድኃኒት አክስቴ በእጇ ትሰጣለች። መርሳቱ ግን አልቀረም። ምድጃው አጠገብ ብቻቸውን አንተዋቸውም። የተሳሳተ ነገር ሲናገሩ አንከራከርም፤ ወደ ሌላ ጨዋታ እንወስዳቸዋለን። አክስቴም እንዳትሰለች እሑድና ሐሙስ ማታ ተረኛው እኔ ነኝ።

አንድ ዕዳ ቀርቶኝ ነበር። ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ልጅቱ አገር ሄድሁ። ካሣ የሚሆን ገንዘብ ባቀርብ አባቷ አልተቀበሉኝም። «ልጄ ገንዘብ አልተቀማችም፤ ስም ነው የተቀማችው። ስሟን ሰው ባለበት መልስ» አሉኝ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ገንዘቡ መገኘቱን፥ ልጅቱ ንጹሕ መሆኗን፥ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ተናገርሁ። በመስከረም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ የምትኖረው ግን በሌላ ዘመዷ ቤት ነው። ወደ እኛ አልተመለሰችም፤ አልፈርድባትም።

አያቴ የከሰሷትን ረስተዋል። ልጅቱን ግን አልረሱም። ማታ ማታ «ያቺ ልጅ ወዴት ሄደች?» ይሉኛል። «ትምህርት ቤት ናት፥ እምዬ» እላቸዋለሁ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ይጠይቁኛል፤ እኔም ደግሜ እመልሳለሁ።

በቤቱ የሚዘነጋ ሽማግሌ ያለው አንባቢ እንግዲህ ሰውን ከመወንጀሉና «ጃጁ» ከማለቱ በፊት አንድ ደብተር ይግዛ። የዛሬውን ቀን ይጻፍበት፤ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጻፍ።